የሚነቀል ጥርስ

ኤኒድ ሎስቢ መጣች በየካቲት ማለዳ፣
በብስኩት ቆርቆሮ ይዛ ቁራሽ ሜዳ።
ከዊልፍ ቴበት ማሽን ጥግ፣ ከብረት ፍቅፋቂ ላይ፣
አስቀመጠችና፣ «ቁጠር» አለች፣ «እስቲ እይ።
ቀዳዳው ስንት ነው? በአንዲት መዳፍ ሣር
መቶ አሥራ አራት አገኘሁ በመርፌ ስቆጥር።
አባላቱ ደጎች፣ ሰላምታ አዋቂዎች፣
ከጫማቸው ሥር ግን አሥራ ሁለት ጦሮች።
እኔ ማታ ማታ በሹካ ስጠግን፣
እነሱ ጠዋት ላይ ይወጉታል ሣሩን።»

ዊልፍ ዝም አለ። እሱ ሲናገርም እንኳ
እያንዳንዷ ቃሉ በካሊፐር ነው ልኳ።
አርባ ዓመት ሙሉ ለኬተሪንግ ጫማ
የተረከዝ ቅርጽ ሲያወጣ፣ ብረት ሲያስማማ፣
ኖሯል ሳይጫወት፣ ኳሷን ሳይመታት፤
ጎልፍ ለሱ ሥራ ነው፣ የሌላ ሰው ሰንበት።
እኔ ያኔ ጀማሪ፣ አሥራ ሰባት ዓመቴ፣
ወለል መጥረግ ነበር ከወርክሾፑ ርስቴ።

ሣሩን በአጉሊ መነጽር ብዙ አየና
«ሰው መቆም አለበት» አለኝ ቀና አለና፣
«ሣሩም መነሣት አለበት። ሁለቱም እውነት ናቸው።
ማስታረቅ ነው የኛ ሥራ፣ ሳናደላ ለአንዳቸው።»

የመጀመሪያው ጥርስ እንደ ጎማ ለሰለሰ፤
አስፋልት ላይ በአንድ ቀን አለቀ፣ ፈራረሰ።
ሁለተኛው ጠና፤ ግን የጥር ውርጭ ሲነካው
ጣቴ ላይ ተሰበረ፣ ገና ሳላጠብቀው።
ሦስተኛው ሣር አልነካም፤ እንደ መልአክ ቀለለ፤
ሲረል ቡዝቢ ግን ከጉብታው ቁልቁል ተንከባለለ።
አንጓው በጀሶ ታስሮ ወርክሾፕ ድረስ መጣ፤
«ሣሩስ ደህና ነው» አለ፣ «እኔን ግን ማን ያውጣ!»

ዊልፍ አልሣቀም። በዚያው ሌሊት ከመታጠቢያው ገንዳ
ሸረሪት ሲወጣ አየ በእርጥቡ ግድግዳ።
አይወጋም ሸረሪት። እግሮቹን ዘርግቶ
ይቆማል፣ ሸክሙን ለስምንቱ በትንሽ በትንሹ ሰጥቶ።

ማለዳ ሣልነው፤ ስምንት እግር፣ ጎበጥ ያለ፣
ሲረግጡት የሚዘረጋ፣ ሲነሡ የሚመለስ እንዳለ።
ጫፉ አይሾልም፤ በሣሩ መካከል
ይገባል እንደ ማበጠሪያ፣ ጸጉር ሳይነቅል።
መሐሉ ላይ ብሎን፤ ሩብ ዙር፣ ከዚያ ቀጭ!
እንዳይወልቅ በሩጫ፣ እንዳይላላ በውርጭ።
እኔን የገረመኝ ግን የመጨረሻው መስመር፣
በሥዕሉ ጥግ በእርሳስ የጻፈው ምሥጢር፦
«እሱ ይለቅ። ጫማው ይኑር። ሣሩም ይደር ደህና።
የወተት ጥርስ ነው፤ ሲረግፍ ሌላ አለና።»

አባላቱ ተቆጡ። ኮሎኔል ፌንዊክ፦ «ያ ኳኳታ
ከሌለ፣ በምን ይታወቃል የክለቡ ጌታ?»
ኤኒድ መልስ አልሰጠችም። ማስታወቂያ ለጠፈች፤
«ከሰኞ ጀምሮ ብረት ከበር ይቀራል» አለች።
በግንቦት ሣሩ ዳነ። ሌላ ታሪክ የለውም፤
ጽዋ ያነሣ የለም፣ የዊልፍን ስም የጠራም።

ኤኒድ ብቻ በየወሩ ፖስታ ታመጣለች፣
ያለቁትን ጥርሶች በየስሙ እየለየች።
ዊልፍ ያነባቸዋል መብራት ሥር ዘርግቶ፦
«ይህ ይጎትታል፤ ያኛው ይጣደፋል ሁሉን ትቶ።
ኮሎኔሉ ኳስ ሳይመቱ ሁለቴ ያመነታሉ፤
በደረት ያሉትን በእግራቸው ይክዳሉ።»
አንድ ኅዳር፣ የሲረልን አንሥቶ ዝም አለ።
የቀኙ ጫማ ጥርስ ገና አዲስ እንዳለ፣
የግራው አልቋል፣ አልቋል እስከ ብሎኑ አንገት።
«ዳሌው ነው» አለ፣ «ቀኙን ፈርቶታል፤ ሐኪም ይይለት።»
ስልክ ደወለ። ዊልፍ ስልክ ሲደውል ያየሁት
አንዴ ነው በአራት ዓመት፤ የተናገረው ቃል አምስት።

አሁን ወርክሾፑ መኪና ማጠቢያ ሆኗል።
የዊልፍ መሳቢያ ግን ከኔ ቤት ተቀምጧል።
ያለቁ ጥርሶች ናቸው፤ ሺህ ሳይሆኑ አይቀሩም፤
ፖስታው በስብሷል፣ የማን እንደሆኑ አይናገሩም።

ትናንት አንዱን አነሣሁ። ስድስት እግሩ የለም።
በቀሩት ሁለቱ መሐል፣ እንደ ክር፣ እንደ ቅስም፣
አንድ ዘለላ ተሰክቷል፣ የደረቀ ሣር፤
አልተወጋም። ተጣጥፎ፣ ብቻ፣ እንደተኛ ነበር።